ከአንገት እስከ ብሽሽት፦ የአርተሪን የመለጠጥ አቅም የምንለካባቸው መንገዶች

(ይህ ጽሑፍ ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና ስለ ደም ግፊት ማወቅ ለሚፈልጉ አድማጮች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አልፎ አልፎ አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ሦስት ሰዎች የአርተሪ፣ ማለትም የደም ቅዳ ቧንቧ፣ ምርመራ አድርገው ወጡ እንበል። አንዱ "የእኔ 10 ነው" ይላል። ሁለተኛው "የእኔ 15 ሆኗል" ብሎ ይጨነቃል። ሦስተኛው "8 ነጥብ 5 ነው፣ ድንበር ላይ ነህ አሉኝ" ይላል። ሦስቱም ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላቸዋል። የአንደኛው ቁጥር ግን ከአንገት እስከ ብሽሽት የተለካ የሞገድ ፍጥነት፣ ማለትም የልብ ምት በአርተሪ የሚሮጥበት ፍጥነት ነው። የሁለተኛው ከክንድ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። የሦስተኛው ጭራሽ ፍጥነት አይደለም። እንደየመለኪያቸው መመዘኛ ካየነው ደግሞ 15 ያለው ሰው 10 ካለው ይሻል ይሆናል።

ዛሬ የምነግራችሁ ዋና ነገር ይህ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች አንድን ነገር በተለያየ መንገድ የሚለኩ አይደሉም። ብዙዎቹ የሚለኩት ነገር ራሱ የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ከሚለኩት የሚገምቱት ይበልጣል። ስለዚህ ቁጥር ሲሰጣችሁ የትኛውን የአርተሪ ክፍል እንደለካ ጠይቁ። ርቀቱ በምን ተለካ? በዚያ ሰዓት የደም ግፊቱ ስንት ነበር?

እስቲ ከልብ እንነሳ። ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ወደ አኦርታ ትረጫለች። አኦርታ ከልብ ወጥቶ፣ ደረት ውስጥ ታጥፎ ወደ ሆድ የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ ነው። ጤነኛ አኦርታ ደሙ ሲመጣበት ይለጠጣል፣ ከፊሉንም ይይዛል። ልብ ስታርፍ ደግሞ ተመልሶ ይሰበሰብና የያዘውን ወደፊት ይገፋዋል። ደም በምትና በምት መካከልም ሳያቋርጥ የሚፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቀድሞ ያስተዋለው እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ነው። ፈረስ አስተኝቶ፣ አርተሪዋ ውስጥ ቱቦ አስገብቶ፣ ደሙ በመስታወት ቱቦ ስንት ክንድ ሽቅብ እንደሚወጣ የለካ ሰው ነው። በ1733 ባሳተመው ሥራ የአርተሪን መለጠጥ በዘመኑ እሳት ማጥፊያ ፓምፕ ላይ ከነበረው የአየር ጓዳ ጋር አመሳስሎታል። ፓምፑ እየቆረጠ ይመታል፣ የአየር ጓዳው ግን ውሃው ሳይቆራረጥ እንዲወጣ ያደርጋል። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በ1899 ይህንኑ ሐሳብ በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው።

የአርተሪ ግድግዳ ሁለት ዋና ዋና ክሮች አሉት። ኤላስቲን ይለጠጣል። ኮላጅን ግን ጠንካራ ነው፣ እምብዛም አይሳብም። ሰውነታችን ኤላስቲንን በብዛት የሚሠራው ገና በጽንስነትና በሕፃንነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለችንን ይዘን ነው የምንኖረው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ስትመታ ያቺ ኤላስቲን ትደክማለች፣ ትቆራረጣለች። ሸክሙ ወደ ኮላጅን ይዞራል፣ ቧንቧውም ይደድራል።

ሲደድር ምን ይሆናል? የላይኛው ግፊት ይወጣል፣ የታችኛው ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ልብ ደም የምትገፋው በግትር ቧንቧ ላይ ነውና ጡንቻዋ ይወፍራል። የልብ ጡንቻ ራሱ ደሙን በአብዛኛው የሚያገኘው ልብ ስታርፍ ነው፣ የታችኛው ግፊት ሲወርድ እሱም ይጎዳል። አንጎልና ኩላሊት ደግሞ ደም በብዛትና በቀላሉ የሚገባባቸው ናቸው። ስለዚህ የምቱ ጉልበት ሳይበርድ ቀጫጭን ሥሮቻቸው ድረስ ይደርሳል።

ይህን መደደር ሳንቀድ ሳንበጣ እንዴት እናውቃለን? ዋናው መንገድ የሞገድ ፍጥነት ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። የደሙ ፍጥነትና የምቱ ፍጥነት አንድ አይደለም። አኦርታ ውስጥ ደሙ ራሱ በጣም ሲፈጥን እንኳ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢሆን ነው። ልብ ስትመታ በግድግዳው ላይ የሚሮጠው ሞገድ ግን በወጣት ሰው በሰከንድ 6 ሜትር፣ ከ70 ዓመት በላይ ባለ ሰው 11 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ግድግዳው በደደረ ቁጥር ሞገዱ ይፈጥናል።

ሆላንዳውያኑ ሙንስና ኮርቴቬግ በ1878 ይህን ዝምድና በቀመር አሳዩ። ፍጥነቱ በግድግዳው ግትርነት፣ በውፍረቱ፣ በቧንቧው ስፋትና በደሙ ጥግግት ይወሰናል። በ1922 ብራምዌልና አርኪባልድ ሂል ቀመሩን ለሐኪም ይበልጥ በሚገባ መልክ ጻፉት። ግፊት በዚህ ያህል ሲጨምር የቧንቧው ይዘት በስንት ይጨምራል? መልሱ ከፍጥነቱ ይገኛል። እስከ ዛሬ የምንሠራው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። እንደ ዋና ማመሳከሪያ የሚታየው ዘዴ ከአንገት እስከ ብሽሽት ያለውን ፍጥነት መለካት ነው። ሰውዬው በጀርባው ይተኛል። ጸጥ ባለ፣ ብዙም በማይሞቅና በማይበርድ ክፍል ቢያንስ 10 ደቂቃ ያርፋል። ማውራት የለም፣ እንቅልፍም ሊወስደው አይገባም። ከዚያ በፊት ለ3 ሰዓት ምግብ፣ ሲጋራና ቡና የለም። የቡናውን ነገር አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። እኛ አገር የጠዋት ቀጠሮ ያለው ሰው አቦልና ቶናውን ጠጥቶ ነው የሚመጣው። ይህ ቀጠሮ ሲሰጥ ካልተነገረው በሩ ላይ ሲደርስ ቢነገረው ምንም አይጠቅምም።

መርማሪዋ በአንገቱ ጎን የሚመታውን ካሮቲድ አርተሪ በጣቷ ፈልጋ ታገኛለች። ትንሽ የግፊት ዳሳሽ ታሳርፍበታለች። ስትጫን ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ከልክ በላይ ከተጫነች ይጠፋል፣ ከላላችም ይበላሻል። ጥሩ እጅ ያላት ባለሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ብሽሽት ላይ ፌሞራል አርተሪን ትይዛለች። አንዳንዱ መሣሪያ ሁለቱን ቦታ በአንድ ጊዜ ይመዘግባል። ሌላው በየተራ ይመዘግብና ሁለቱን በኢሲጂ፣ ማለትም በልብ የኤሌክትሪክ ምዝገባ፣ ያስተካክላል።

ኮምፒውተሩ የሚይዘው የሞገዱን ጫፍ ሳይሆን እግሩን ነው፣ ማለትም መነሳት የጀመረበትን ነጥብ። ጫፉ ከታች ተመልሶ በሚመጣ ሞገድ ቅርጹ ይቀየራል። እግሩ ግን ገና ምንም ያልነካው ነው። በአንገቱ እግርና በብሽሽቱ እግር መካከል ያለችው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊሰከንድ አትሞላም። ርቀቱን በዚያች ጊዜ ማካፈል ነው የቀረው።

ጣጣው ያለው ርቀቱ ላይ ነው። ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ኤሌክትሮኒክስ ተገዝቶ ርቀቱ የሚለካው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው። በቁጥር ላሳያችሁ። አንገት ላይ ከያዝንበት ነጥብ እስከ ብሽሽቱ ነጥብ ቀጥታ 60 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ጊዜው 60 ሚሊሰከንድ ነው። እንዳለ ብናካፍለው በሰከንድ 10 ሜትር ይመጣል። ነገር ግን ሞገዱ ከአንገት ተነስቶ ወደ ብሽሽት አይሄድም። ከልብ ተነስቶ ወደ ላይም ወደ ታችም በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው። ወደ አንገት በሚወጣበት ጊዜ በአኦርታ የወረደው ሞገድም መንገድ ጀምሯል። ስለዚህ የ2012 የባለሙያዎች ስምምነት ቀጥታውን ርቀት በ0.8 አባዙ ይላል። 60 በ0.8 ሲባዛ 48 ሴንቲ ሜትር ነው። አሁን ፍጥነቱ 8 ሆነ። ሰውዬው ያው፣ ቧንቧው ያው፣ ጊዜው ያው። አንዱ ስሌት አደጋ ላይ ነህ ይለዋል፣ ሌላው ደህና ነህ ይለዋል።

የመመዘኛው ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2007 የአውሮፓ መመሪያ አሳሳቢ የሚባለው ከ12 ሜትር በሰከንድ በላይ ነበር። በኋላ 10 ሆነ። የሰዎች አርተሪ አልተለወጠም። 12ን በ0.8 ስታባዙት 9.6 ነው፣ እሱን ለአያያዝ እንዲመች ወደ 10 አጠጋጉት። ስለዚህ የድሮ ጥናት ስታነቡ ርቀቱ እንዴት እንደተለካ ሳታዩ ቁጥሩን ከአዲስ ጥናት ጋር አታወዳድሩ።

ቦርጭ ያለው ሰው ላይ ደግሞ ሜትሩ ሆዱን ተከትሎ ይጎብጣል። 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢጨምር 8 የነበረው 8.4 ይሆናል። አኦርታው ግን አልረዘመም። መለኪያው ከሰውነቱ በላይ ቀጥ ብሎ መያዝ አለበት፣ ካሊፐር (ሁለት ክንድ ያለው ቀጥታ ርቀት መለኪያ) ካለ የተሻለ ነው። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ልዩነቱ ከ0.5 ሜትር በሰከንድ ከበለጠ ሦስተኛ ይለካል፣ መካከለኛውም ይወሰዳል።

ሁለተኛው ትልቅ ጣጣ ግፊቱ ነው። ግፊት ዝቅ ሲል ሸክሙን የሚሸከመው ኤላስቲን ነው። ግፊት ሲጨምር ኮላጅን ይወጠራል። ስለዚህ ያው አርተሪ በዚያው ቀን ግፊቱ ከፍ ባለ ሰዓት ደድሮ ይታያል። አንድ ታካሚ መድኃኒት ጀምሮ ከ3 ወር በኋላ ፍጥነቱ ቢቀንስ ግድግዳው ተሻሽሎ ነው ወይስ ግፊቱ ስለወረደ ብቻ? የሞገድ ፍጥነት ብቻውን ይህን አይመልስም። አብሮ የተለካ ግፊት ያልተጻፈበት የፍጥነት ውጤት ጎዶሎ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ጃፓኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። በሁለቱ ክንዶችና በሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች ላይ የግፊት ማሰሪያ ታስሮ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነፋል። ብሽሽት መግለጥ የለም። ልምድ ያለው እጅም ብዙ አያስፈልግም። ይህ ለሠራተኛውም ለታካሚውም ትልቅ እፎይታ ነው፣ ለእኛም ባህል የሚስማማ ነው። ነገር ግን ሞገዱ የሚያልፈው በአኦርታ ብቻ አይደለም። በጭንና በባት አርተሪዎችም ያልፋል። እነዚህ ጡንቻ የሚበዛባቸው፣ በተፈጥሯቸው ጠንከር ያሉ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ ከአንገት–ብሽሽቱ ይበልጣል፣ መመዘኛውም 18 ሜትር በሰከንድ ነው። ርቀቱ ደግሞ በሜትር አይለካም። ከሰውየው ቁመት በቀመር ይሰላል። ቀመሩ የወጣው ከጃፓናውያን የሰውነት መጠን ነው። እግሩ ረዘም፣ ወገቡ አጠር ያለ ሕዝብ ላይ ያው ቀመር ምን ያህል እንደሚሠራ ሳይፈተሽ የእነሱን መመዘኛ እንዳለ መቅዳት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ከዚያው ከጃፓን ካቪ የሚባል መለኪያም መጣ። መነሻው የግፊቱን ጣጣ ለመፍታት ነው። ፍጥነቱን ወስዶ፣ በዚያ ሰዓት የነበረውን የላይኛውንና የታችኛውን ግፊት ስሌቱ ውስጥ አስገብቶ፣ ግፊት ብዙ የማይነካው የግትርነት ቁጥር ለማውጣት ይሞክራል። ከ8 በታች ደህና፣ ከ8 እስከ 9 ድንበር፣ 9ና ከዚያ በላይ የደደረ ይባላል። ሐሳቡ ትክክለኛውን ችግር የያዘ ነው። ከግፊት ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው ማለት ግን አይቻልም፣ በቀመሩ ላይ አሁንም ክርክር አለ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በአንድ የክንድ ማሰሪያ ብቻ "የአኦርታ ፍጥነት" የሚያወጡ መሣሪያዎች አሉ። አንደኛው ዓይነት ማሰሪያውን ከላይኛው ግፊት በላይ ይነፋና ክንዱ ላይ የሚደርሱትን ሁለት ሞገዶች ያያል። አንዱ በቀጥታ የመጣ ነው፣ ሌላው ከታች ከአኦርታ መጨረሻ ተመልሶ መጣ ተብሎ የሚታሰብ ነው። ጥያቄው ያ ሞገድ በእርግጥ ከአንድ ቦታ ነው የተመለሰው ወይ የሚለው ነው። ሞገድ ከብዙ ቦታ ይመለሳል።

ሌላው ዓይነት ግን ከዚህም ይርቃል። የሚያወጣው ቁጥር በአብዛኛው የሚወሰነው በገባለት ዕድሜና በለካው የላይኛው ግፊት ነው። ከሞገዱ ቅርጽ የሚጨምረው ትንሽ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲፈተሽ ግን ውጤቱ ያምራል። ለምን መሰላችሁ? ፈታሾቹ ከ20 እስከ 80 ዓመት ያሉ ሰዎችን ይሰበስባሉ። አርተሪ በዕድሜ ይደድራል። ስለዚህ ዕድሜን የሚያውቅ ማንኛውም ቀመር ከእውነተኛው ልኬት ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ዝምድናው (ኮሪሌሽኑ) ከፍተኛ ሆኖ ይታተማል። እኛ የምንፈልገው ግን ሌላ ሰው ነው። በ40 ዓመቱ የ65 ዓመት ሰው አርተሪ ያለውን ሰው ነው ለይተን ማግኘት የምንፈልገው። በዕድሜ የሚገምት መሣሪያ የሚስተው ያንኑ ሰው ነው። ግምቱ ለሕዝብ ጥናት ሊጠቅም ይችላል። ለአንድ ታካሚ "አርተሪህ ተለካ" ብሎ መስጠት ግን ትክክል አይደለም።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ሁለት ዘዴ የሚያነጻጽር ጽሑፍ ስታነቡ የዝምድናው ቁጥር ላይ አትቁሙ። በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሁለቱ ልዩነት ስንት እንደሆነ ፈልጉ። በ2010 የወጣው የአርተሪ ማኅበር መመሪያ እንዲህ ይላል፦ አማካይ ልዩነቱ ከ0.5 ሜትር በሰከንድ ካልበለጠና የልዩነቱ ስርጭት (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) ከ0.8 ካልበለጠ እጅግ ጥሩ ነው። ከ1 በታችና ስርጭቱ ከ1.5 ካልበለጠ ተቀባይነት አለው። ከዚያ ካለፈ ደካማ ነው። አማካዩ ዜሮ ሆኖ ስርጭቱ ሰፊ ከሆነ መሣሪያው በአንዱ ላይ ጨምሮ በሌላው ላይ እየቀነሰ ነው ማለት ነው።

የሞገዱን ቅርጽ የሚያነቡ ዘዴዎችም አሉ። በ1870ዎቹ ለንደን ውስጥ ፍሬድሪክ አክባር ማሆመድ የተባለ ወጣት ሐኪም የእጅ አንጓ ምትን በወረቀት ላይ እየሳለ የግፊት በሽተኞች ሞገድ ከሌላው እንደሚለይ አሳይቷል። ማሰሪያ ያለው የግፊት መለኪያ ገና አልተፈለሰፈም ነበር። የዛሬው ኦግመንቴሽን ኢንዴክስ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። ተመላሹ ሞገድ በላይኛው ግፊት ላይ ምን ያህል እንደጨመረ ይነግረናል። ጠቃሚ ነው። ሆኖም የልብ ምት ፍጥነትና የሰውየው ቁመት ይቀይሩታል፣ ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ ወደ 75 ምት በደቂቃ ተስተካክሎ የሚጻፈው። ናይትሮግሊሰሪን የሚባለውን ደም ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት የወሰደ ሰው ላይ ይህ ቁጥር በጣም ሲወርድ የአኦርታው ፍጥነት ብዙም አይለወጥም። በወጣትነት ፈጥኖ ይጨምራል፣ በእርጅና ግን ይረጋል። የሞገድ ፍጥነት ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ከ50 ዓመት በኋላ ነው የሚፈጥነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

አልትራሳውንድ ደግሞ ቦታውን በቀጥታ ያሳያል። የአንገት ካሮቲድ ስፋቱ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ምት የሚሰፋው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያቺን ግማሽ ሚሊ ሜትር መከተል የሚችል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኤምአርአይ ከዚህም አልፎ አኦርታውን ራሱን ያሳየናል፣ ጠመዝማዛ መንገዱንም በትክክል ይለካል። የሜትሩ ችግር ይወገዳል። ነገር ግን ቧንቧው ምን ያህል ተለጠጠ ለማለት እዚያው ቦታ ላይ ያለው ግፊት መታወቅ አለበት። የምንለካው ደግሞ ክንድ ላይ ነው። በወጣቶች የክንድ ላይኛው ግፊት ከአኦርታው በግልጽ ይበልጣል። በዚያ ላይ ዋጋው! ለምርምር ድንቅ ነው፣ ለዕለት ተዕለት ሕክምና ግን የሚደረስበት አይደለም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? በ2010 ተመራማሪው ቭላሆፑሎስና ባልደረቦቹ 17 ጥናቶችን፣ ወደ 16,000 የሚጠጉ ሰዎችን አንድ ላይ አድርገው አዩ። የአኦርታ ሞገድ ፍጥነት በ1 ሜትር በሰከንድ ሲጨምር በልብና ደም ሥር ችግር የመያዝ አደጋ ከመቶ 14፣ የመሞት አደጋ ከመቶ 15 ይጨምራል። ይህ ከዕድሜና ከሌሎች መንስኤዎች ተለይቶ የተሰላ ነው። ለአንድ ቁጥር ይህ ትልቅ ጉልበት ነው።

ሆኖም መተንበይ አንድ ነገር ነው፣ በዚያ ተመርቶ ማከም ሌላ ነገር ነው። በ2021 ስፓርት የተባለ የፈረንሳይ ጥናት ወጣ። 536 የግፊት ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በሞገድ ፍጥነቱ እየተመራ፣ ግማሹን በተለመደው መመሪያ አከመ። በፍጥነቱ የተመራው ቡድን ብዙ መድኃኒት አገኘ፣ የአርተሪው መደደርም ተገታ። የልብና የስትሮክ አደጋ ላይ ግን አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ትንሽ ነበር። ቢሆንም እስካሁን በእጃችን ያለው መልስ ይህ ነው፣ መሣሪያ የሚሸጥላችሁ ሰውም ሊነግራችሁ ይገባል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የምንጠቅሰው የዕድሜ ሰንጠረዥ የተሠራው ከ8 የአውሮፓ አገሮች ከ16,000 በላይ ሰዎች ተለክተው ነው። ከፍታ ላይ የሚኖር፣ በአካል ሥራ ያደገ፣ በልጅነቱ የምግብ እጥረት ያየ ሕዝብ ሰንጠረዥ አይደለም። የራሳችንን መሥራት አለብን። እዚህ ካላችሁት ተማሪዎች መካከል የመመረቂያ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ ይህ ይጠብቃችኋል።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው ተራ የክንድ መለኪያ ነው። እሱም ስለ አርተሪ ይናገራል። የላይኛውን ከታችኛው ቀንሱ። 150 በ80 ከሆነ ልዩነቱ 70 ነው። በዕድሜ ገፋ ባለ ሰው 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ የአውሮፓ መመሪያዎች የትልልቅ አርተሪዎች መደደር ምልክት አድርገው ይቆጥሩታል። እናት አባታችሁን ስትለኩ የላይኛውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ሁለቱንም ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ያንኑ መሣሪያ በዚያው ክንድ ተጠቀሙ፣ ለሐኪሙም ደብተሩን አሳዩት።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።